ትህትና ስንት ታስቀንሳለች

የይግዛው ጓንጉል ቤት በእስራኤል፣ ረሖቮት ከተማ፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር ካሉት ሕንፃዎች ሁሉ በረጅሙ፣ ያውም በመጨረሻው ፎቅ ላይ ነበር። ፎቁ አራተኛ ነው። ይግዛው ግን ለጠየቀው ሁሉ፣ «ደመና በመስኮቴ ነው የሚያልፈው፤ ሲበዛብኝ በመጥረጊያ ገፋ አድርጌ ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ነስ ጺዮና እልከዋለሁ» ይል ነበር። ነስ ጺዮና ላይ ከረሖቮት ቀድሞ ዝናብ የጣለ ቀን ደግሞ፣ «አላልኋችሁም?» ብሎ የሕንፃውን መግቢያ ይዞ ይቆማል። ሊፍት የለም። ይህንንም ቢሆን «የተራራ ሰው በገመድ አይጎተትም» እያለ ሲኮራበት ኖሯል፤ አባቱ፣ የቤተ እስራኤሉ ቄስ ጓንጉል፣ በፋሲካ ማግሥት ወድቀው ዳሌያቸው እስኪሰበር ድረስ።

ከሆስፒታል ሲመለሱ ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው አወጧቸው። ከዚያ ወዲህ አልወረዱም። ጸሎት ቤቱ ከመስኮታቸው ቁልቁል ይታያል፤ ቅዳሜ ሰው ነጭ ለብሶ ሲገባ እሳቸው ከላይ ይመርቃሉ፣ ከታች ያለው አንገቱን ቀና አድርጎ ምርቃቱን ይቀበላል። በጋው አለፈ። የዳስ በዓል መጣ፤ ቄሱ ዳስ ሳይገቡ በዓሉ ወጣ። ያም ሆኖ አንድ ቀን እንኳ አላማረሩም። ብቻ ከውጭ የሚገባውን ሰው ሁሉ ፊቱን ከማየታቸው በፊት ጫማውን ያያሉ። ጭቃ ካለበት ደስ ይላቸዋል።

የይግዛው ሚስት ውባየሁ ይህችን የጫማ ነገር ልብ ካለች ወዲህ እንቅልፍ አጥታ ነበር። እንግዲህ እሷ ናት ሻዓራይም ሰፈር ውስጥ ያለችውን ቤት ያገኘችው። ቤቷ መሬት ላይ ያለች፣ ደጃፏ አንዲት እርከን እንኳ የሌላት፣ ሎሚ የተተከለበት ግቢ ያላት ናት። ባለቤቱ ሰዓድያ የሚባሉ የየመን ሽማግሌ ናቸው፤ ሚስታቸው አርፈውባቸው ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። የቄሱን ነገር ሲሰሙ፣ «እስከ ሐኑካ በዓል ለማንም አልሰጥም። ከዚያ ወዲያ ግን ልጆቼን አልችላቸውም» አሉ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ 1993 ነው። ከሩሲያም ከጎንደርም የመጣው ሕዝብ ሁሉ ጣሪያ ይፈልጋል፤ የቤት ዋጋ ሌሊት ተኝቶ ጧት ሲነሳ ቁመት ይጨምራል። የሻዓራይሟን ቤት ለመግዛት ማሽካንታ፣ ማለትም የቤት ብድር፣ ያስፈልጋል፤ ባንኩም ማሽካንታውን የሚሰጠው የአሁኑን ቤታቸውን በመያዣነት አስገምቶ በግምቱ ልክ ነው። ይግዛው ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፋ።

«ግምት ነው የምትፈሩት? ግምት እኮ በእጄ ነው ያለ!»

ውባየሁ ባሏን ታውቀዋለች። ባሏ በእጄ ነው ያለው ነገር ሁሉ ሲቆጠር ዓለም አይበቃውም። ይህ ግን እንደ አጋጣሚ ግማሹ እውነት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሄርዝል ጎዳና፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ለባንኮች ቤት የሚገምት ቢሮ ነበር። እዚያ የሚሠራ ጊል የሚባል ወጣት ሸማይ፣ ማለትም የቤት ዋጋ ገማች፣ ለማስተርሱ ጥናት ያጠናል። ጥናቱም የረሖቮትን ቤት ሁሉ በሂሳብ የሚገምት ሞዴል መሥራት ነው። ለዚህም ከቤት ወደ ቤት እየሄደ የሚጠይቅ፣ ለአማርኛ ተናጋሪውም አስተርጓሚ የሚሆን ሰው ፈልጎ ይግዛውን ቀጠረው። ኮምፒውተሩ፣ እንደ ይግዛው አነጋገር፣ የፍሪጅ ያህላል፤ ማሰብ ሲጀምር እስከ ኦሺዮት ሰፈር ያለው መብራት ደብዘዝ ይላል።

ጊል ሥራውን ሲያስረዳው፣ «ይኸውልህ፣ አንድ ቤት አንድ ነገር አይደለም። ስፋቱ ለብቻው ይመዝናል፤ ፎቁ ለብቻው፤ ዕድሜው ለብቻው፤ ይዞታው፣ ማለት አያያዙ፣ ለብቻው። የተሸጡትን ቤቶች ሰብስበን እያንዳንዱ ነገር ስንት እንደሚጨምርና ስንት እንደሚቀንስ ሞዴሉን እናስለየዋለን። ከዚያ ያልተሸጠውንም ይነግረናል» አለው።

«ይኼ እኮ የበሬ ገበያ ነው» አለ ይግዛው። «ጥርሱ ስንት፣ ሻኛው ስንት፣ ሲራመድ ስንት። እኔ ጭልጋ ገበያ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በትንፋሹ ብቻ የበሬ ዋጋ እናገር ነበር። ከሱዳን ድረስ ነጋዴ እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር።»

«በጣም ጥሩ። እዚህ ግን ዓይንህን አትጨፍን።»

በመጀመሪያው ሳምንት የሆነውን ማን ይንገር። ይግዛው የሄደባቸው ቤቶች ሁሉ አደጉ። ልብስ የሚሰጣበት በረንዳ «የምሥራቅ ክንፍ» ሆነ። ሁለት ክፍል ያለው ቤት ሦስት ተኩል ሆነ፤ ግማሽዋ ቁምሳጥኗ ነበረች። አንዱን የሻዓራይም ጓሮማ «የፍራፍሬ እርሻ» ብሎ ስለጻፈው፣ ሞዴሉ ያችን ጎጆ ከከተማዋ የሳይንስ ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰሮች መኖሪያ አስበልጦ ገመታት። ጊል መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«ይግዛው፣ ስማኝ። ሞዴል ሞኝ ነው፤ የነገሩትን ያምናል። ሰው ያለህን ብቻ ጻፍ። አትጨምር፣ አትቀንስ። አንዲት ነገር ከራስህ ብትጨምር ሥራው አበቃ። ቤሰደር?»

«ቤሰደር፣ እሺ። በሙሴ አምላክ ይሁንብኝ።»

ምሎ ነበርና ጠበቀ። በዕድሜው ሙሉ ያልተጨመረበት ነገር ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ የሰማውን ብቻ ይጽፍ ጀመር። ይህ ከምን እንደሚቆጠር የሚያውቀው የሚያውቀው ነው፤ ሦስት ኪሎ ከሳ።

ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ «ባለቤቱ የቤቱን ይዞታ ከአንድ እስከ አምስት ስንት ይሰጠዋል?» የሚል ነበር። በኦሺዮት አዳዲስ ሕንፃዎች ሰዉ ሳያቅማማ አምስት ይላል፤ ሌላው አራት ይላል፤ ቧንቧው የሚያንጠባጥብበት ሦስት ይላል። ይግዛው እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ራሱ ሰፈር፣ ከዚያም ወደ ራሱ ሕንፃ፣ በመጨረሻም ወደ ራሱ ቤት ደረሰ። አባቱ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። የቤቱ ሽማግሌ እሳቸው ናቸውና መጠየቅ ያለባቸው እሳቸው ናቸው።

«አባባ፣ ከአንድ እስከ አምስት ቢሉት፣ ቤታችን ስንት ይሆናል?»

ቄሱ ትንሽ አሰቡ። «ልጄ፣ እኛም ለጊዜው ነን፣ እንኳን ቤቱ። ቤት ማለት የእግዜር ቤት ነው። ይቺ ምን ቤት ናት? ጎጆ ናት።»

«ቁጥር ነው የሚፈልገው፣ አባባ።»

«ከአንድ በታች የለውም?»

«የለውም።»

«እንግዲያው አንድ በል።»

ይግዛው ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። ቤቱን በገዛ እጁ ቀለም ቀብቶታል፤ የወጥ ቤቱን ንጣፍ ራሱ ነው ያነጠፈው፤ ለጎረቤቱ ሁሉ «ከጣሊያን በመርከብ የመጣ ድንጋይ ነው» ብሎ ያስጎበኘው ንጣፍ ነው። አምስት ሊጽፍ ብዕሩ ወረደ። መሐላው ትዝ አለው። አንድ ብሎ ጻፈ። ደግሞም ብዙ አልተጨነቀም፤ ሰው ቤቱን በአፉ እንደማያሞግስ፣ ያሞገሰው ቤት ዓይን እንደሚገባው፣ ይህንን ማንም ልጅ ያውቃል። ያን ያህል ቁጥር የሚውጥ ኮምፒውተር ይህችን ያጣታል ብሎ ማን ያስባል?

ከባንኩ መልስ የመጣው ከስግድ በዓል በኋላ ነው። በዚያን ሰሞን የብድር ጠያቂው ሰልፍ ከባንኩ በር እስከ አውቶቡስ ጣቢያ ይደርስ ስለነበር፣ ቢሮው ብዙውን ቤት ሰው ሳይልክ በሞዴሉ ብቻ ይገምት ነበር። ውባየሁ በምትሠራበት ብርቱካን ማሸጊያ ከባልደረቦቿ ዕብራይስጡን ቀድማ ተምራለችና ወረቀቱን ያነበበችው እሷ ናት። አንብባ ጨርሳ ወንበር ፈለገች።

«ምን ይላል?» አለ ይግዛው።

«ቤታችን ጎጆ ናት ይላል።»

የተገመተው ዋጋ የሻዓራይሟን ቤት ግማሽ እንኳ አያስገዛም። ይዞታ ከሚለው ቃል ጎን «አንድ» የምትል ቁጥር እንደ ምስማር ቆማ ነበር። ይግዛው አያት፤ የራሱ እጅ የጻፋት ናት። ሰማዩ ከነደመናው የተደፋበት ያን ጊዜ ነው። ከዚያም በሚቀጥለው ክፍል ያሉት አባቱ እንዳይሰሙ በሹክሹክታ ነገሩን ሁሉ ነገራት።

ውባየሁ ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አንተ እኮ» አለች፣ «በዕድሜህ አንድ ቀን እውነት ተናገርህ፤ እሷም ቤታችንን አፈረሰች።»

«እኔ የተናገርሁት አይደለም፤ አባባ ናቸው።»

«ታዲያ ለሐኑካ ስንት ቀረው? ለሰዓድያ ምን ልበላቸው? ለአባባስ? ሻዓራይም ቤት አለ ብዬ ነግሬአቸው፣ ይኸው ጫማቸውን በዘይት ወልውለው አልጋቸው ሥር አስቀምጠዋል።»

ይግዛው ከዚህ በኋላ መቀመጥ አልቻለም። ደረጃውን እየዘለለ ወርዶ፣ ሄርዝል ጎዳናን እንደ ጎርፍ ሰንጥቆ፣ ዳቦ ቤቱን አልፎ ጊል ፊት ቆመ።

«ጊል፣ ቤቴ ከዚህ በላይ ያወጣል።»

ጊል ከስክሪኑ ቀና አለ። «አንተ ዘንድ ከዚህ በላይ የማያወጣ ምን አለ?»

«አሁን የምሬን ነው።»

«የፍራፍሬው እርሻ ጊዜም የምርህን ነበር። የምሥራቁ ክንፍ ጊዜም። ይግዛው፣ የቢሮው ሠራተኛ የራሱን ቤት ግምት አስለወጠ ቢባል ሁለታችንም ነገ መንገድ ላይ ነን። ያባትህን ነገር ውባየሁ ነግራኛለች፤ ልቤ ያዝናል። ግን በምን ማስረጃ?»

 ይግዛው በዘመኑ ሁሉ የነዛው ጉራ ተኮልኩሎ ፊቱ ቆመ። አሁን እውነቱን ቢናገር ማን ይስማዋል? ወደ በሩ ዞረና፣ ለራሱ ያህል አጉተመተመ።

«ድሮስ ማን ሰው ነው ቤቱን በገዛ አፉ የሚያሞግስ።»

«ምን አልህ?»

«ምንም።»

«አይ፣ አሁን ያልኸውን።»

ይግዛው ደገመለት። አባቱ ምን እንዳሉም ቃል በቃል ነገረው፤ ከአንድ በታች የለውም ወይ ያሉትንም ጭምር። ጊል ከወንበሩ ተነሥቶ ከመሳቢያ አንድ ትልቅ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ወረቀቱ በነጥብ ተሞልቷል፤ መሐል ለመሐል አንድ መስመር ያልፍበታል።

«እያንዳንዷ ነጥብ የተሸጠ ቤት ናት። መስመሩ የሞዴሉ ግምት ነው። ከመስመሩ በላይ ያለችው ሞዴሉ ከገመታት አስበልጣ የተሸጠች ናት። ስህተት እንደ በረዶ ነው፤ እዚህም እዚያም መበተን አለበት። እነዚህን እያቸው።» በጣቱ ከዳር የተሰበሰቡትን ከበባቸው። «የአንተ ሰፈር ናቸው። ሁሉም ከላይ። አንዲት እንኳ ከታች የለችም። አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሡኝ እነሱ ናቸው። ሞዴሉ ያላየው ነገር እዚያ አለ።»

«ይሉኝታ ነው ያላየው» አለ ይግዛው።

ጊል ጃኬቱን አነሣ። «ያላ፣ እንሂድ፣ አሳየኝ። አንተ ግን አንድ ቃል አትናገር።»

ከይግዛው ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው እማማ ሸጌ የሚባሉ ባልቴት ይኖራሉ። ቤታቸው ከጥራቱ የተነሣ ወለሉ ላይ ፊትህን አይተህ ጢምህን ትላጫለህ። ግድግዳው ያለ እንከን ነው፤ መስኮቶቹ አዲስ፣ ወጥ ቤቱ አዲስ። እማማ ሸጌ እንግዶቹን አስቀምጠው፣ ውኃና ተምር አቀረቡ። ጊል በዕብራይስጥ ጠየቀ፤ ይግዛው የጥያቄውን ቃል ብቻ አማርኛ አደረገ።

«የእኔ ቤት?» አሉ እማማ ሸጌ፣ ባፍረት መቀነታቸውን እያጠበቁ። «ምን ቤት አለኝና። የአይጥ ጉድጓድ ናት። አንድ በልልኝ፣ ልጄ፤ እሱም ከበዛ ተወው።»

ጊል ጣሪያውን አየ፤ ወለሉን አየ፤ ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጫረ። ከዚያ ዓይኑ ብልጭ አለና፣ «የጎረቤትዎስ ቤት? የሦስተኛው ፎቅ?» ሲል ጠየቀ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሚኖረው ቢራራ የሚባል ወንደላጤ ነው። በግድግዳው ውስጥ በተበላሸው ቧንቧ የተነሣ ጣሪያው ከሚያፈስበት ይልቅ የማያፈስበት ቦታ ጥቂት ነው፤ በሩ በሽቦ ታስሮ ነው የሚዘጋው፤ ባለፈው ክረምት ወጥ ቤቱ ውስጥ እንጉዳይ በቅሎ ይግዛው «ሦስት ቤተሰብ ቀለብንበት» ብሎ ሰፈሩን አስቆታል።

«የቢራራ ቤት!» አሉ እማማ ሸጌ፣ ፊታቸው በርቶ። «እሱማ ቤተ መንግሥት ነው። የዳዊት ከተማ ነው በለው። አምስት። ስድስት ካለም ስድስት።»

ጊል ከዚያ ወጥቶ ቢራራ ዘንድ ሄደ። ቢራራ ሽቦውን ፈትቶ ከፈተላቸውና፣ ከጣሪያው የሚወርደውን ጠብታ በባልዲ እያቆረ፣ የራሱን ቤት አንድ፣ የእማማ ሸጌን አምስት አለ። ከቤት ወደ ቤት ዞሩ። ሕንፃው ሁሉ አንድ አፍ ነበር፤ የራስ ቤት አንድ፣ የጎረቤት አምስት። ጎረቤት የሚያዋርድ የለም፣ ራሱን የሚያከብር የለም። ጊል ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ያን ያህል ሳቀ፣ መነጽሩ ጉም ለበሰ፤ አንደኛ ፎቅ ያለ ሕፃን ነቅቶ አለቀሰ፤ እናቱ ወጥታ ሰው ሞቷል ወይ ብላ ጠየቀች።

«ይግዛው፣ ለምን ከመጀመሪያው አልነገርኸኝም?»

«አትጨምር አልኸኛ።»

ጊል ከዚያ የእጅ ባትሪውን አውጥቶ የሕንፃውን ቤቶች አንድ በአንድ በራሱ ዓይን መረመረ፤ በቁምሳጥን ጀርባ እርጥበት ፈለገ፣ ቧንቧ ከፈተ፣ ንጣፍ በእግሩ ኮረኮረ። ይግዛው ቤት ሲደርሱ ቄሱ ተነሥተው ሊቀበሉት ሞከሩ፤ ጊል በሁለት እጁ ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። አልጋቸው ሥር ያለውን የተወለወለ ጫማም አየ። በረንዳው ጥግ አንዲት ስንጥቅ አገኘ።

«ይቺ ክረምት ላይ ውኃ ታስገባለች?»

ይግዛው ምላሱ እሳት ላይ እንደ ተቀመጠ ሆነበት። የሻዓራይሟ ቤት፣ ሰዓድያ፣ አባቱ፣ ሁሉም በዚያች ስንጥቅ ውስጥ ቆመው ያዩታል። «ኃይለኛ ዝናብ ሲሆን ታስገባለች» አለ።

«አራት» ብሎ ጻፈ ጊል።

በማግሥቱ ቢሮ ውስጥ ሞዴሉን እንደ አዲስ ሠሩት። ጊል በራሱ ዓይን ያላየው ቤት ገና ብዙ ነበርና፣ መልሱ በአማርኛ ለተሰበሰበው ቤት ሁሉ አንድ አዲስ ዓምድ ጨመረ፤ ሰዉ የራሱን ቤት ምን ያህል ዝቅ እንደሚያደርግ ሂሳቡ ራሱ ለክቶ እንዲመልስለት። ለዓምዱ ስም ሲፈልግለት ይግዛው፣ «ትህትና በለው» አለ። ሞዴሉ ሥራ ጀመረ። የፍሪጅ የሚያህለው ኮምፒውተር አጉረመረመ፤ ይግዛው ወደ መስኮቱ ሄዶ የኦሺዮት መብራት ደብዘዝ ማለት አለማለቱን ተመለከተ። ጥርሱን ነክሶ፣ በሆዱ አባቱ የሚሉትን ጸሎት ይደግማል። ማተሚያው እየጮኸ ወረቀቱን ሲተፋ ደግሞ ለመቅረብ ፈራ።

ጊል ነጥቦቹን ዘረጋቸው። እነዚያ ከዳር ተሰብስበው የነበሩት እንደ ዘር ተበትነው ነበር፤ ግማሾቹ ከመስመሩ በላይ፣ ግማሾቹ በታች።

«ትህትና ስንት ታስቀንሳለች ብትለኝ» አለ ጊል ቀስ ብሎ፣ «ከአንድ ክፍል በላይ። የሰፈርህ ሰው በአፉ ብቻ ከየቤቱ አንድ ክፍል ሲያፈርስ ኖሯል።»

ጊል ነጥቦቹን፣ የሁለቱን ጥያቄዎች መልስና የራሱን ምርመራ ይዞ አለቃው ዘንድ ገባ። አለቃው ነገሩን በሰሙት ጊዜ የሰፈሩን ግምት ሁሉ አስመልሰው እንደገና አዩት፤ የይግዛውን ቤት ደግሞ ሐሜት እንዳይኖር ራሳቸው ደረጃውን ወጥተው፣ ትንፋሻቸው እየተቆረጠ፣ አይተው ፈረሙ። ባንኩ መልስ እስኪሰጥ ውባየሁ ለሰዓድያ በየቀኑ እየሄደች ሰላምታ ታቀርባለች፤ ሌላ የምታቀርበው አልነበራትም። በሐኑካ ዋዜማ ከባንኩ ማሸጊያው ድረስ ስልክ ተደወለላት። ሰምታ ስትጨርስ ብርቱካኑ መሐል ቁጭ አለች፤ ባልደረቦቿ ክፉ ወሬ መስሏቸው ከበቧት። «ደግ ነው» አለቻቸው፣ ዓይኗን በሻሿ ጥግ እየጠረገች። «ደግ ነው፣ ተዉኝ።»

ይግዛው ወሬውን ሲሰማ የሚለው ብዙ ነገር ነበረው፤ ለሰፈሩ የሚያወራውም ለዓመታት የሚበቃ ነበር፤ ትህትናን ለዓለም ሂሳብ ያስገባ ሰው እሱ ነው። ግን ያን ማታ ከሕንፃው መግቢያ ላይ ተቀመጠና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይጨምር «ተመስገን» አለ።

ቄስ ጓንጉል የወረዱት በእሑድ ቀን ነው፤ ጎረምሶቹ በዚያው በወንበሩ ተሸክመው አወረዷቸው። ሻዓራይም ሲደርሱ ሰዓድያ በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ ሳይችሉ እጅ ለእጅ ተያይዘው ብዙ ተነጋገሩ። ከዚያ ሰዓድያ ቁልፉን አስረክበው ሄዱ፤ ይግዛውና ጎረምሶቹ ዕቃ ማግባት ጀመሩ።

ቄሱ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ከበሩ ወጡ። ሎሚው አጠገብ ደርሰው ቆሙ፤ ጫማቸውን አፈሩ ውስጥ ትንሽ ጫን አድርገው አዩት። ተመልሰው ገቡ። ደግሞ ወጡ። ጎረምሶቹ ቁምሳጥኑን ይዘው በሩ ላይ መንገድ እስኪለቁላቸው ይጠብቃሉ፤ እሳቸው ግን ይወጣሉ፣ ይገባሉ።

«አባባ፣ አሁን ይረፉ እንጂ» አለቻቸው ውባየሁ ከውስጥ።

«እያረፍሁ ነው፣ ልጄ» አሉና፣ ተመልሰው ወጡ።